ኮምፒዩተሩን ሥርዓት ያስያዘችው ትርንጎ

ባለፈው ሳምንት ሚኪያስ ደውሎ «ትርንጎ እኮ ደብረ ታቦርን ለቀቀች» አለኝ። ከተመረቅን ወዲህ ከከተማዋ ያልወጣችው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ባሕር ዳር፣ ሚኪያስ አዲስ አበባ ሥራ ይዘን ስንቀር፣ እሷ እዚያው ሆና ኮምፒዩተር ታስተምር ነበር። አሁን ጂንካ ያለ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት በመምህርነት ቀጥሯት አገር አቋርጣ ሄደች። «ብርዱን ጠገብኩት፣ እስቲ ሙቀት ልሞክር» ብላ ነው አሉ። ሚኪያስ ይህን ሲነግረኝ ከፍቶት ነበር። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «ምን አገኘህ?» አለችኝ። «አንዲት ልጅ ትዝ ብላኝ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ትርንጎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምታልቅ ሰው አይደለችም።

ትርንጎ የእብናት ልጅ ናት። እናቷ በእብናት ገበያ የታወቁ የፍየል ነጋዴ ናቸው፤ ድምፅዋን ያወረሷት እሳቸው መሆን አለባቸው። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እስከ ካፌው የሚሰማ ነበር። ቀስ ብላ አውርታ አታውቅም። ስታስብ የግራ ጆሮዋን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች፤ የገባት ነገር ሲኖር ደግሞ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታዋለች። ከጉና ተራራ የሚወርደው ንፋስ ላብ የምንለውን የኮምፒዩተር ክፍል እንደ ማቀዝቀዣ ሲያደርገው፣ እኛ በጃኬት እየተንቀጠቀጥን እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ጣቶቿን ብቻ አውጥታ ትጽፍ ነበር። «እናንተ ለፎቶ ነው የለበሳችሁት» ትለናለች።

አንድ የታወቀች ጥያቄ ነበረቻት፤ «ለማን?» የምትል። መምህር «ይህ ዘዴ ከሁሉም የተሻለ ነው» ካሉ፣ ከኋላ ወንበር እጇ ይወጣል፤ «ለማን?» ክፍሉ ይስቃል፤ መምህሩም ለማን እንደሚሻልና ለማን እንደማይሻል ሲያስረዱ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አንዴ ካፌው በር ላይ «ልዩ ጣዕም ያለው ሽሮ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይታ ያንኑ ጠይቃ፣ ወጥ ሠሪዋ ጭልፋ ይዘው ወጥተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሲያዩዋት ጨመር ያደርጉላታል።

አራተኛ ዓመት ላይ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትምህርት የሚሰጡን መምህር ገመቹ ነበሩ። የወለጋ ሰው ናቸው። ደብረ ታቦር ብዙ ዓመት ቢኖሩም ብርዱን አልለመዱትም፤ አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻርፕ ሳያወልቁ ነው የሚያስተምሩት። የሴሚስተሩን ሥራ ሲሰጡን እንዲህ አሉ፤ «በየቡድናችሁ አንድ አንድ ኦፕን ሶርስ የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ትወስዳላችሁ። ትጭኑታላችሁ፣ ትኖሩበታላችሁ፣ በመጨረሻ በዲፓርትመንቱ ፊት ትገመግሙታላችሁ። ኦፕን ሶርስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ውስጡ ክፍት ነው። የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል። ሰበብ የለም።»

እኔ፣ ትርንጎና ሚኪያስ አንድ ቡድን ሆንን። ሚኪያስ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ፍጥነት የሚወድ፣ ኮምፒዩተር ሲነሳ ሰዓት ይዞ የሚቆም ልጅ። ሊያመለክት ያሰበበት የሥራ ቦታ ውጤት ስለሚጠይቅ በዚያ ሴሚስተር ለቀልድ ብዙም ጊዜ አልነበረውም። የደረሰን ከሊኑክስ ቤተሰብ የሆነ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ሲስተም ነበር። ገጹን ወደ አማርኛም ተርጉመውታል። ላቡ ጥግ ላይ ሞተ ተብሎ የተተወ አንድ ኮምፒዩተር ለምነን ወስደን እሱ ላይ ጫንነው። እንደ አዲስ ተነሣ። ሚኪያስ ሰዓቱን አይቶ «እግዚኦ!» አለ። እኔም ትከሻዬ ቀለለኝ። ሥራችን በግማሽ ያለቀ መስሎን ነበር።

ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ በትልቁ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ትርንጎ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። ከኋላዋ ማንም የለም።

«ማን ነው የመጣው?» አለች።

«አንቺን ነው፣ ቀጥይ» አላት ሚኪያስ።

«እኔን ከሆነ ‹መጣሽ› ይበለኛ!»

«ማሽን እኮ ነው ትርንጎ። ማሽን ምን ያውቃል?»

እሷም ቀጠለች። «ስምህን አስገባ» አላት፤ ስሟን አስገባች። አንድ ፋይል ልትሰርዝ ስትል ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» አላት። «እርግጠኛስ ነኝ፤ ‹ነህ› ግን አይደለሁም» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። ሳቅን። እኔ ነገሩ በሳቅ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ትርንጎ ግን ጆሮዋን መጎተት ጀምራለች።

ሚኪያስ ፍጥነቱንና ሚሞሪውን ሲለካ፣ እኔ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስሞክር፣ እሷ «ሰው ያልሞከረው ነገር ምኑ ተሞከረ?» አለች። ሰው ስትል የኮምፒዩተር ተማሪ ያልሆነ ሰው ማለቷ ነው። የመጀመሪያው ሰውም የተከራየችበት ቤት ባለቤት፣ ጋሽ ደምሴ፣ ሆኑ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። የደብረ ታቦር ሹም ሁሉ በእሳቸው አለንጋ ያለፈ ነው ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ነው የሚላቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ውዴ እንኳ ሌላ ነገር ሲሏቸው ተሰምተው አያውቁም። ጎንደር ያለች ልጃቸው የሠርጓን ፎቶ በፍላሽ ልካላቸው፣ ማያ አጥተው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል። ትርንጎ ይህን ስታውቅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ሲስተም ጭነን ይዘን ሄድን።

ጋሽ ደምሴ ኮታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን በመሐረብ ወልውለው ተቀመጡ። የይለፍ ቃሉን ትርንጎ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም ስክሪኑን እንደ ደብዳቤ ድምፅ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ።

«‹የይለፍ ቃልህን አስገባ›» አሉና ቀና አሉ። «ማንን ነው?»

«እርስዎን ነው ጋሼ፤ እዚህ ጋ ይጻፉ» አለች ትርንጎ ፈጠን ብላ።

አንድ በአንድ ፊደል እየፈለጉ ጻፉ። አንዷን ስተዋል። ስክሪኑም «ተሳስተሃል፤ እንደገና ሞክር» አለ።

እትዬ ውዴ የያዙትን ሰፌድ ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አጠፉት፤ ኪሳቸው ከተቱት።

«ልጄ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ይህን ዕቃ ማን ነው ያሳደገው?»

«ጋሼ፣ ተርጓሚዎቹ ሳያስቡት ነው...»

«እኔ አላዘንኩበትም። ያሳደገው ሰው ነው የሚያሳዝነኝ።» ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። የልጃቸው ሠርግ ሳይታይ ቀረ።

ትርንጎ እዚያ ቤት ውስጥ ሳቋን ተቆጣጠረች። ከግቢው ስንወጣ ግን የድንጋዩ ካብ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስታበቃ ዓይኗን በጋቢዋ ጠርጋ ቆመችና «በል፣ ሪፖርታችን ይኸው» አለችኝ። «ፍጥነቱን ሁሉም ይለካዋል። እንዴት ሰው እንደሚያናግር ግን ማንም አልለካውም።»

ሚኪያስ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ትርንጎ፣ ሌሎቹ ግራፍ ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ የጋሽ ደምሴን ኩርፊያ ይዘን እንምጣ?» ተከራክረው አልጨርስ ሲሉ መምህር ገመቹ ዘንድ ሄድን። እሳቸው ሻርፓቸውን እያስተካከሉ አዳመጡን።

«እኔ እኮ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ገምግሙ ነው ያልኩት» አሉ፣ «ሥነ ምግባሩን አላልኩም።»

«መምህር፣ ሰውን እያስቀየመ የሚያባርር ሲስተም ቢፈጥን ምን ይጠቅማል? ፈጥኖ ነው የሚያባርረው!» አለች።

መምህሩ ሳቃቸውን ዋጡ። «እንግዲህ የምሰጠው ማርክ በቴክኒኩ ነው። እሱን ሳትጨርሱ ወደዚህ ከገባችሁ ኃላፊነቱ የራሳችሁ ነው።»

ስንወጣ ሚኪያስ አኩርፎ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከእሷ ጋር መሥራቱ ደስ ስለሚለኝ ፍርሃቱን ብዙም ቦታ አልሰጠሁትም። እሷ ግን አሁን የምታስበው ሌላ ነገር ነው። ሲስተሙ ክፍት ከሆነ ለምን አናስተካክለውም? ችግሩ እንዴት የሚለው ላይ ነበር። ለወንድ «አስገባ»፣ ለሴት «አስገቢ»፣ ለትልቅ ሰው «ያስገቡ» እያልን ሦስት ዓይነት ብናደርገው ሥራው አያልቅም። ደግሞ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል? ላቡ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ስናወጣና ስናወርድ ሚኪያስ ትዕግሥቱ አለቀና «እንግዲያው ሁሉንም አንቱ በያቸውና እንገላገል!» ብሎ ጮኸ።

ትርንጎ ጆሮዋን ለቀቀች።

«ምን አልክ?»

«ቀልዴን ነው።»

«‹ያስገቡ›... ለወንድ ‹ያስገቡ›፣ ለሴትም ‹ያስገቡ›፣ ለጋሽ ደምሴም ‹ያስገቡ›!» ጠረጴዛውን እንዲህ መታችው ብል አታምኑኝም፤ ማውሱ ዘለለ። ተነሥታ የሚኪያስን ግንባር ሳመችው። «ሆዴ፣ አንተ ጎበዝ እኮ ነህ! ወንድ ሴት ሳይል ሁሉንም ያከብራል!»

ሚኪያስ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ግን እኮ ወጣቱን አንቱ ሲለው አይስቅም?»

«እኔን እስከ ዛሬ አንቱ ያለኝ የለም። ይበለኛ፤ ምን ይጎድልበታል?»

ከዚያ በኋላ ሚኪያስም እንደ እኛው ሆነ። ቀን ቀን የሱን ልኬት እየሠራን፣ በየመሐሉ ሲስተሙ ለሰው የሚናገረውን ሁሉ እየፈለፈልን ማስተካከል ጀመርን። ትርንጎ እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብላ ታነባለች፤ አፏ ላይ ካልጣማት አታሳልፋትም። «ተሳስተሃል» የሚለውን «የይለፍ ቃሉ አልተስማማም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አደረገችው። «ስሕተቱ የቃሉ ነው፤ የሰውየው ምን አደረገ?» አለች። ስንጨርስ የአማርኛውን ትርጉም ለሚቆጣጠረው ሰው ላክንለት። የት አገር እንደሚኖር አናውቅም፤ በጎ ፈቃደኛ መሆኑን ብቻ ነው የምናውቀው። ያለ እሱ ፈቃድ ያስተካከልነው ከእኛ ኮምፒዩተር አልፎ ለሌላ ሰው አይደርስም።

መልሱ ቶሎ መጣ። «ወንድሜ፣ ስለ ድካምህ አመሰግናለሁ። ሆኖም አማርኛው ያጠረው ሆን ተብሎ ነው። ‹ያስገቡ› ከ‹አስገባ› ስለሚረዝም ስክሪኑ ላይ የሚጫኑት ቁልፎች አይበቁትም። ደግሞም ኮምፒዩተር ጓደኛ ነው፤ ጓደኛ አንቱ አይባልም።»

«ወንድሜ?» አለች ትርንጎ። ከዚያ ጣቶቿን ዘረጋች፤ «አ፣ ስ፣ ገ፣ ባ። ያ፣ ስ፣ ገ፣ ቡ። እኩል ናቸው እኮ!»

ግን ሐቀኛ ልጅ ናት፤ ሁሉንም ቁልፍ እየዞረች ሞከረች። እውነትም «ይዝጉ» ከ«ዝጋ»፣ «ይክፈቱ» ከ«ክፈት» ይረዝማሉ፤ አንዳንዱ ቁልፍ ላይ ጫፋቸው ተቆርጦ ታየ። ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች። በማግስቱ ግን እየሮጠች መጣችና «‹መዝጊያ›፣ ‹መክፈቻ›፣ ‹መሰረዣ›!» አለች ገና ከበር። «‹መዝጊያ› እኮ ማንንም አያዝም። አንተም አንቱም ሳይል ስሙን ተናግሮ ዝም ነው!» ርዝመታቸው ባይቀርም ቁልፎቹን ትንሽ ሰፋ አድርገን አስገባንባቸው፤ ልክ ሆኑ። ይህንንም፣ ጋሽ ደምሴ ያሉትንም ጽፋ ላከችለት። መልእክቷ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» እያለ ነው የሚሄደው።

«ወንድሜ ያለሽን ለምን አላረምሽውም?» አልኳት።

«ተወው። እኔን ሳያይ ሥራውን አይቶ ይፍረድ» አለች።

መልስ አልመጣም። የግምገማው ቀን ደረሰ።

አዳራሹ ሞልቷል፤ የዲፓርትመንቱ መምህራን ከፊት ተደርድረዋል። ሚኪያስ ግራፎቹን አሳምሮ አቀረበ። እኔ የሚሠራውንና የማይሠራውን አወራሁ። ከዚያ ትርንጎ ተነሥታ «አሁን ሲስተሙን የሚሞክርልን እንግዳ አለን» ብላ በሩን ከፈተች። ጋሽ ደምሴ ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ከነክራቫታቸው ገቡ። ይመጣሉ ብለን እኔና ሚኪያስ አላመንናትም ነበር። እንዴት እንዳግባባቻቸው እስከ ዛሬ አልነገረችንም። ግማሹ መምህር ተማሪያቸው ኖሮ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ድምፅ አውጥተው «‹እንኳን ደህና መጡ›» ብለው አነበቡና፣ ከወንበራቸው ከፍ ብለው «እንኳን ደህና ቆያችሁ» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «‹የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ›» ሲላቸው በእርጋታ አስገቡ። እንደ ልማዳቸው አንዷን ፊደል ሳቱ።

«‹የይለፍ ቃሉ አልተስማማም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ›» ብለው አነበቡ። «እሺ፤ ምን ቸገረኝ» አሉና ደገሙት። ተከፈተ። ፍላሹን ሰኩ፤ ያች ጎንደር ያለች ልጃቸው በነጭ ልብስ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሰፍታ ወጣች። ጋሽ ደምሴ እጃቸው ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ወይ ልጄ! አምሮባት የለም?» አሉ ወደ እኛ ዞረው። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ።

ትርንጎ ግን በጭብጨባው አልተታለለችም። «ግምገማችንን ላጠቃልል» አለች። «ጥሩ ነው ወይ ላላችሁኝ፣ ለማን? እላለሁ። አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞ ለተቸገረ ተማሪ ዛሬውኑ ይጫን። ለቢሮ ግን ይቆይ፤ ፕሪንተሩን ለማሠራት ያላደረግነው የለም፣ አልሠራም። ድምፁም አንዳንዴ ይጠፋል። ለትልልቅ ሰዎች ከዚህ በፊት አልመክርም ነበር፤ አሁን እመክራለሁ።»

መምህር ገመቹ ተነሡ። ሻርፓቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። «ሥነ ምግባሩን አልገመግምም ብዬ ነበር» አሉ። «ትናንት ግን በኦሮምኛ የተተረጎመውን ከፍቼ አየሁት። እኛም ለትልቅ ሰው ‹ኢሲን› እንላለን። ያ ሲስተም ግን እኔን ‹አቲ›፣ አንተ አለኝ። ይህን እናቴ ብታየው...» ንግግራቸውን አልጨረሱትም፤ ሳቅ አሸነፋቸው። ከእኛ ቀጥሎ የመጡት ተማሪዎች ያንን የኦሮምኛውን ትርጉም ከእሳቸው ጋር እንደሠሩት በኋላ ሰማሁ። እኛም ማርካችንን አገኘን፤ ሚኪያስ ወረቀቱን ስሞ ኪሱ ከተተው።

ሴሚስተሩ ሲዘጋ ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ሚኪያስ ወደ ቤቱ ሊያልፍ ነው፤ ትርንጎ ደግሞ ጣናን አይታ ስለማታውቅ ላሳያት ነው። ሐሙሲት ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ሚኒባሱ ቆሞ ሽንኩርትና ዶሮ የያዘ ሰው ሲጭን የትርንጎ ስልክ ጮኸ። አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ድምፅ አጥታ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንዲህ ይላል፤ «የላኩልኝን ሁሉ አየሁ። የጋሽ ደምሴን ነገር ካነበብኩ በኋላ እኔም አባቴን ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀምጬ ሞከርኩ። ይህን ማን አሳደገው ብለው አልጠየቁኝም፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አፍረው ዝም አሉ። ሥራዎን ተቀብያለሁ፤ በሚቀጥለው እትም አማርኛ ለሚጠቀም ሁሉ ይደርሳል። ባለፈው ወንድሜ ብዬዎት ነበር። ወንድ ይሁኑ ሴት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደግነቱ አሁን መጠየቅ አያስፈልገኝም።»

አንብቤ ቀና ስል ትርንጎ ድምፅዋ ተመልሶላት ነበር። እልልታዋ ሚኒባሱን አናወጠው። ዶሮዎቹ ተንጫጩ፤ ሹፌሩ ደንግጦ ዞረ። አጠገቧ የተቀመጡ፣ ሽንኩርት የታቀፉ አንዲት ሴትዮ እጇን ያዟት።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ? ሠርግ ነው?»

«ኮምፒዩተሩ አንቱ አለኝ እናቴ!»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ ሽንኩርታቸውን እኔ ጭን ላይ አስቀመጡና «እሰይ! ይበል!» ብለው ከእሷ የባሰውን እልልታ አቀለጡት።